ማዳበሪያ ለአራሹ



የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚመረጥበት ወራት በመጣ ቁጥር በኬሚካል ምሕንድስና ተማሪዎች ዘንድ አንድ ዓይነት ጭንቀት ይታያል። ተማሪው የውጭ አገር መጽሔቶችን ያገላብጣል፤ ከእርሱ በፊት የተመረቁት የጻፉትን ይመለከታል፤ ከዚህ ጥቂት ከዚያም ጥቂት ወስዶ አንድ ርእስ ያበጃል። ርእሱ ብዙ ጊዜ ያማረ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ስለ መያዝ፥ በዓይን ስለማይታዩ ቅንጣቶች፥ በኮምፒውተር ስለሚመራ ፋብሪካ ይናገራል። እኔ ይህን መንቀፌ አይደለም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ምርምር ተፈጽሞ መልሱ ቢገኝ፥ መልሱን በጉጉት የሚጠብቅ ሰው ማን ነው?

ስለ ኬሚካል ምሕንድስና የወደፊት ጎዳና ክርክር ሲነሣ ሁላችንም ዓለም ወዴት እየሄደ ነው እያልን እንጠይቃለን። ጥያቄው ከአምባ ጊዮርጊስ ቢነሣስ ምን ይመስላል? ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሁሉ ይህችን ከተማ ያውቃታል። ዳባት ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት የወገራ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። አገሩ ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላ፥ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያበቅላል። ዛፍ ጥቂት ነው፤ ያለውም አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። በገበያ ቀን ከገበሬው ጋር ስለ ምርት ጨዋታ የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ወሬው ወደ ማዳበሪያ ሲዞር ያገኘዋል። መጣ ወይስ አልመጣም? ለስንት ሰው ይደርሳል? ዋጋውስ?

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ባለቤትነቱን መንግሥት ቢይዘውም ባላባትና ጭሰኛ የሚባለው ነገር ቀረ። ነገር ግን የዛሬው ገበሬ ሌላ ባላባት ተተክቶበታል። ይህ አዲሱ ባላባት ሰው አይደለም፤ በከረጢት ታሽጎ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነጭ ፍሬ ነው። አፈሩ በዘመናት እርሻና ጎርፍ ስለ ደከመ ያለ ማዳበሪያ የሚገኘው ምርት ቤተሰብ አይመግብም። ማዳበሪያው ደግሞ ከውጭ ተገዝቶ፥ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፥ በከባድ መኪና ተጭኖ፥ ከዩኒየኑ መጋዘን ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ተሻግሮ ነው ወገራ የሚደርሰው። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ላይ አንዲት ቀለበት ብትሰበር ዝናቡ አይጠብቅም።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት በተነሣ ጊዜ በዓለም ገበያ የአንድ ቶን ዩሪያ ዋጋ ከ900 ዶላር በላይ ወጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ የማዳበሪያ እጥረት በአማራ ክልል ገበሬዎችን ለሰልፍ አወጣ፤ ከፊሎቹ እስከ ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት አሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልሉ ጦርነት ተነሣ፤ መንገድ ሲዘጋ ማዳበሪያም አብሮ ይዘጋል። እንግዲህ የእኛ ሞያ የሚጠየቅበት ነገር ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ማዳበሪያ የሕግ ወይም የንግድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአየርና ከውሃ የሚሠራ የኬሚካል ምሕንድስና ሥራ ነው።

ከዚህ ላይ የአገሩን ሰዎች ታሪክ ማስታወስ ይገባል። የሰሜንና የወገራ ሰዎች ከኬሚካል ኢንዱስትሪ ጋር የተገናኙት በማዳበሪያ በኩል ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ሆኖ ተከዜን ተሻግሮ በደንበጉና ጠላትን ድል ካደረገ ከጥቂት ቀን በኋላ፥ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ ባለው ሠራዊት ላይ ይፔሪት የተባለውን መርዝ ጣሉ። ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የተናገሩት ስለዚሁ ግፍ ጭምር ነው። ይፔሪት ስሙን ያገኘው ኢፕር ከተባለችው የቤልጅግ ከተማ ነው። በዚያችው ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1915 የክሎሪን ጋዝ በጠላት ላይ የለቀቀውን ሥራ ይመራ የነበረው ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር ነበር። ይኸው ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ከሃይድሮጅን ጋር በማዋሐድ አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል ያሳየ ሰው ነው። የዩሪያችን አባት እርሱ ነው። ካርል ቦሽ ደግሞ ሥራውን ወደ ፋብሪካ አሳደገው፤ ፋብሪካውም እ.ኤ.አ. በ1913 በኦፓው ሥራ ጀመረ። የአንድ ሞያ ሁለት እጅ እንዲህ ነው። ከተከዜ ወዲህ ያሉ አባቶቻችን የግራውን እጅ ቀመሱት፤ ቀኝ እጁ ግን እስከ ዛሬ በልመናና በውጭ ምንዛሪ የሚገኝ ሆኖ ቀረ።

ወደ ሥራው እንግባ። በመጽሐፋችን ላይ ያለው የሃበርና የቦሽ ዘዴ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀትና ከ150 ከባቢ አየር የሚበልጥ ግፊት ይፈልጋል። ሃይድሮጅኑ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያዋጣው በጣም ትልቅ ሆኖ ሲሠራ ነው፤ ስለዚህ ፋብሪካው ገንዘብ፥ ጋዝና ወደብ ወዳለበት ይሄዳል። አገራችንም በዚሁ መንገድ ለመሄድ ሞክራለች። በ2004 ዓ.ም. በኢሉባቦር፥ በያዩ፥ ከድንጋይ ከሰል በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ እንዲሠራ ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። ብዙ ቢሊዮን ብር ፈሰሰበት፤ አንድ ኩንታል ዩሪያ ሳይወጣው ተቋረጠ። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከናይጄርያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር፥ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራረመ። ጋዙ የሚመጣው ከካሉብና ከሂላላ ነው።

የጎዴው ፋብሪካ ቢሳካ ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛው መንገዱ ነው። ከጎዴ አዲስ አበባ፥ ከአዲስ አበባም አምባ ጊዮርጊስ ያለውን ርቀት በካርታ ላይ በጣቱ የተከተለ ሰው መኪናው ስንት ተራራ እንደሚወጣና ስንት ኬላ እንደሚያልፍ ያውቀዋል። ሁለተኛው የዕውቀቱ ጉዳይ ነው። ከያዩ ምን ተማርን? ከሰሉን ወደ ጋዝ መለወጥ አስቸግሮ ነው? አመዱ በዝቶ ነው? ውሃው ነው? ወይስ ነገሩ ሁሉ የአስተዳደር ጉድለት ነበር? አንድ ጎበዝ ተማሪ ይህን ጉዳይ በመሐንዲስ ዓይን መርምሮ በቁጥር ቢጽፍልን ከዐሥር የናኖ ቅንጣት ጽሑፍ ይልቅ ለአገር ይጠቅም ነበር። በውጭ ኩባንያ የሚተከለውን ፋብሪካ ነገ የሚያንቀሳቅሱትና የሚጠግኑት የእኛው ተማሪዎች ካልሆኑ ጎዴም ጅቡቲ ሆነች ማለት ነው።

እንግዲህ ትንሽና ቅርብ የሆነ ማዳበሪያ ሊኖር አይችልምን? ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቀች ድሀ አገር ነበረች። ኖርዌይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበራት ሀብት ፏፏቴ ነበር። ቢርኬላንድና አይዴ የተባሉ ሁለት ሰዎች በኤሌክትሪክ ብልጭታ አየርን አቃጥለው፥ የወጣውን ጋዝ በውሃ አሟሙተው፥ ከኖራ ድንጋይ ጋር በማዋሐድ የካልሲየም ናይትሬት ማዳበሪያ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1905 በኖቶደን ሥራ ጀመረ። ኤሌክትሪክ ስለሚበላ በኋላ በሃበር ዘዴ ተሸነፈ፤ ነገር ግን ከዚያ የተነሣው ድርጅት ዛሬም በዓለም ከታወቁት የማዳበሪያ ኩባንያዎች አንዱ ነው። ልብ በሉ፤ የተነሡት መጽሔት ላይ ካነበቡት ሳይሆን ከደጃቸው ካለው ፏፏቴ ነው።

እኛም ፏፏቴ አለን። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሙሉ ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ከሃይድሮጅኑ አሞኒያ ለመሥራት ለአንድ ቶን አሞኒያ 10,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ ይህን ያህል ናይትሮጅን የያዘ አሞኒያ 56 ኪሎ ነው። ስለዚህ በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ላለው ናይትሮጅን የሚፈለገው ኤሌክትሪክ 560 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ወረዳ በዓመት 50,000 ኩንታል ይበቃዋል ብለን ብንገምት፥ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ 3.2 ሜጋ ዋት ቢመጣለት የናይትሮጅኑን ችግር ያቃልላል ማለት ነው። ለግድቡ ይህ ከባሕር በጭልፋ ነው።

«ታዲያ ለምን አልተሠራም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ምርምሩም መሆን ያለበት እዚህ ላይ ነው። ግብፅ በአስዋን፥ ዚምባብዌ በኩዌኩዌ በውሃ ኃይል ኤሌክትሪክ አሞኒያ ሲሠሩ ኖረዋል። የኩዌኩዌው እ.ኤ.አ. በ2015 ኤሌክትሪኩ ስለ ተወደደበት ይህን ሥራ አቆመ፤ አስዋንም ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ። ስለዚህ ነገሩ ተረት አለመሆኑም፥ ቀላል አለመሆኑም በአፍሪካ ምድር ታይቷል። ሦስት ሜጋ ዋት ብቻ የሚበላ ትንሽ ፋብሪካ በ150 ከባቢ አየር ግፊት ልሥራ ቢል መጭመቂያው ብቻ ያከስረዋል። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ በተባለ የገበሬ ከተማ ከነፋስ ኃይል አሞኒያ የሚሠራ የሙከራ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይዟል። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች አሞኒያውን በማቀዝቀዝ ፈንታ በጨው እየመጠጡ በመለየት ግፊቱን ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል ያጠናሉ። ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ አሞኒያን የመምጠጥ ጠባይ አላቸው። ጨው ደግሞ በአፋር በረሃ የሚቆፈር ነገር ነው። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት አገር ምላሹን ሳያበላሽ ቆሞ እንደ ገና የሚነሣ ማሽን እንዴት ይሠራል? ይህን ጥያቄ የሚኒሶታ ሰዎች ለነፋስ ሲሉ ይጠይቁታል፤ እኛ ግን መብራት ጠፍቶ በሻማ ስናጠና በየሳምንቱ ይጠየቀናል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ይጨመር። አሞኒያውን ወደ አሞኒየም ናይትሬት መለወጥ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ይኖራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በቤይሩት ወደብ ያለ ጥንቃቄ ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከተማዋን አፈራርሷታል። የጦር መሣሪያ በሚተኮስበት አገር እንዲህ ያለ ነገር በየወረዳው መጋዘን ይከማች ብሎ የሚመክር መሐንዲስ ዲግሪውን ሊነጠቅ ይገባዋል። ከኖራ ጋር ተዋሕዶ የማይፈነዳ፥ እርጥበትም ቶሎ የማያሟሟው ፍሬ መሥራት ራሱን የቻለ የምርምር ርእስ ነው።

ኖራን ካነሣን አይቀር፥ በጎንደር የቆሙት የነገሥታት ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ኖራ አቃጥሎ ግንብ የሠራ አገር፥ ዛሬ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲድ በዝቶበት ኖራ ይፈልጋል ሲባል፥ ኖራውን ፈጭቶ ለገበሬው ማድረስ አቅቶታል። ለአንድ ሄክታር ሁለት ሦስት ቶን፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ይህን ያህል ዱቄት በአህያ ወገራ ደጋ ላይ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ወይ ምድጃው ወደ ገበሬው መቅረብ አለበት፥ ወይ ኖራው በጥቂት መጠን ብዙ ሥራ እንዲሠራ ሆኖ መዘጋጀት አለበት።

አሁን ወደማይወራበት ርእስ ልለፍ። በወገራ እንጨት ስላነሰ እናቶቻችን የሚያነዱት ኩበት ነው። ኩበት ማለት ለእርሻው የሚገባ ፍግ በምድጃ ሲነድ ነው። በኩበቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በጭስ ይሄዳል፤ የቀረው አመድ ጓሮ ይደፋል። ለዚህም ነው የጓሮው ጎመን ለምልሞ ሩቅ ያለው የገብስ ማሳ የሚገረጣው። ባዮጋዝ መድኃኒቱ ነው ተብሎ በ2001 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ነዳጁም ይገኛል፥ ፍጉም ለማሳ ይተርፋል ተባለ። ሐሳቡ እውነት ነው። ዳሩ ግን ጋዙን የሚሠሩት ጥቃቅን ሕዋሳት ሙቀት የሚወዱ ናቸው፤ በደባርቅ ሌሊት ጉድጓዱ ሲቀዘቅዝ ሥራቸውን ያቀዘቅዛሉ። ለቆላ የተሰላ ጉድጓድ ደጋ ላይ ተቆፍሮ ጋዙ ሲያንስ ጥፋቱ የገበሬው ይመስላል። ይህ የመጠን ስሌት ስሕተት ነው፤ መታረም የሚችለውም በእኛ ነው።

ይህ ከፍታ የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። በአምባ ጊዮርጊስ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሰባ በመቶ ቢሆን ነው። የምንማርባቸው ሰንጠረዦች ግን አብዛኞቹ ለባሕር ጠለል የተጻፉ ናቸው። ማድረቂያው፥ ማንደጃው፥ ማቀዝቀዣው ሁሉ እዚህ ሌላ ጠባይ አለው። ካቲካላ የምታወጣ ሴት ይህን በእጇ ታውቀዋለች፤ እኛ በፈተና ላይ እንኳ አንጠየቀውም።

ከኩበት ይልቅ የሚያሳፍረው ነገር ሽንት ነው። ሳቁን ከጨረሳችሁ በኋላ ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ሰው በዓመት በሽንቱ የሚያወጣው ናይትሮጅን በትንሹ ብንገምት 3 ኪሎ ነው። አምስት ሺህ ተማሪ በግቢ ውስጥ ዐሥር ወር ቢኖር 12,500 ኪሎ ናይትሮጅን ይሆናል፤ ይህም ከ270 ኩንታል ዩሪያ የሚመጣጠን ነው። ይህን ሁሉ ወደ ወንዝ እየለቀቅን በሌላ በኩል በዶላር ዩሪያ እንገዛለን። ችግሩ ውሃው ነው። የእነዚሁ ተማሪዎች ሽንት በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ1,500 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል፤ ይህን በመኪና ወደ ማሳ ማመላለስ እብደት ነው። ቢቀመጥ ደግሞ ዩሪያው ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይሸታል፥ ይበናል። እዚህ ላይ ኖራ እንደ ገና ይመጣል። የተቃጠለ ኖራ ሲጨመርበት ዩሪያውን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ሥራውን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ በነፋስ ማድረቅ ይቻላል። የሰሜን በጋ ደረቅና ነፋሻ ነው። ምን ያህል ኖራ? በስንት ቀን ይደርቃል? በውስጡ የቀረው ጨውና መድኃኒት ሰብሉን ይጎዳል ወይ? ገበሬውስ ይቀበለዋል ወይ? በአርባ ምንጭ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሽንትንና ዓይነ ምድርን ለይቶ ለእርሻ የማዋል ሥራ ተሞክሯል፤ ስለዚህ ከባዶ አንጀምርም።

አጥንትም አለ። ገብሱ ናይትሮጅን ብቻ ሳይሆን ፎስፎረስም ይፈልጋል፤ አጥንት የፎስፎረስ ጎተራ ነው። በፋሲካ ማግሥት በየሥጋ ቤቱ ኋላ የሚከመረውን ውሻ ብቻ ነው የሚያስበው። እንግሊዛዊው ሎዝ እ.ኤ.አ. በ1842 እንዲህ ያለውን ነገር በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ማዳበሪያ የማድረግን መብት አስመዘገበ፤ ሰልፈሪክ አሲድ ደግሞ በአዋሽ መልካሳ የሚሠራ ፋብሪካ አለን። የቀረው መሰብሰብና ማስላት ነው።

ብዙ ናይትሮጅን ሁልጊዜ መልካም ነው ማለት እንዳልሆነም ማወቅ አለብን። ጎንደር ከተማ የብቅል ፋብሪካ አላት፤ የወገራና የአካባቢው ገብስ ገበያ የሚያገኝበት ነው። ለብቅል የሚሆን ገብስ ፕሮቲኑ ከመጠን ማለፍ የለበትም፤ ዩሪያ በዝቶበት ወይም ዘግይቶ የተጨመረበት ገብስ ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ፋብሪካው ይመልሰዋል። ገበሬው ግን ለምን እንደ ተመለሰበት አያውቅም። ናይትሮጅንን ለመለካት እስከ ዛሬ በላቦራቶሪያችን የምንሠራበትን ዘዴ ያገኘው ኬልዳል የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር፤ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1883 ነው። ጠማቂው ስለ ገብሱ ፕሮቲን ቢጨንቀው ለዓለም ሁሉ የሚሆን ዘዴ ወጣ። የገዛ ደጃፍን ችግር መመርመር ከሳይንስ ዳር ያስቀራል የሚሉ ወንድሞች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ስለ ዕንቅፋቶቹ ብዙ አልናገርም፤ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የኬሚካል ግዢ ዓመት ይፈጃል። እኔ በማውቀው አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ያው የኬልዳል መሣሪያ ማሞቂያው ከተቃጠለ ጀምሮ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ የሚጠፋው መለዋወጫ የአንድ ስብሰባ የምሳ ወጪ አይሆንም። የተጻፈው ጽሑፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አፈሩን የሰጠው ገበሬ አፈሩ ምን እንደ ተባለ ሳይሰማ ይሞታል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የሚከፋ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለማረም ዶላር አይጠይቅም። አንድ ገጽ አማርኛ መጻፍ ነው።

ቀደም ሲል በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ዓመት የማገልገል ግዴታ ነበረባቸው። ብዙዎቹ መምህር ሆነው አገራቸውን ያዩት ያን ጊዜ ነው። የኬሚካል መሐንዲስ ግን ለልምምድ ሲላክ ወደ ቢራና ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ብቻ ነው የሚላከው። ለምን ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበር አይላክም? ከሐምሌ እስከ መስከረም በአንድ የማዳበሪያ መጋዘን የከረመ ተማሪ የሚመርጠው የመመረቂያ ርእስ ዛሬ ከምናየው የተለየ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችንን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በምሕንድስናው ሕንፃ መግቢያ ላይ አንድ ሰሌዳ ይሰቀልና ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች የወላጆቻቸውን ወረዳ ጥያቄ ይጻፉበት፤ መምህራንም ርእስ ሲያጸድቁ ይመልከቱት። ከተመራቂዎቹ መካከል ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ የጽሑፉን ፍሬ ነገር በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፎ፥ አፈሩን ወይም ገብሱን ወደ ሰጠው ቀበሌ ይላክለት፤ የማባዣ ማሽኑ ቀለም ከዚህ ጋዜጣ ድርሻ ይሁን።

ለመጀመሪያው ሥራ ደግሞ ከአምባ ጊዮርጊስ፥ ከዳባትና ከደባርቅ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች መንገዱ ሰላም ሆኖ ለዕረፍት አገር ከገባችሁ ከአባቶቻችሁ ማሳ አንድ አንድ ኪሎ አፈር ይዛችሁ ኑ። ከአንድ ቦታ ብቻ አትውሰዱ፤ ከማሳው ዳርና መካከል እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት ድረስ ቆፍራችሁ ቀላቅሉት፤ ኩበት ከተከመረበትና ከብት ካደረበት ቦታ ራቁ። በጥላ ሥር ይድረቅ። የቀበሌውን ስም፥ የተወሰደበትን ጥልቀትና ባለፈው ዓመት የተዘራበትን እህል በወረቀት ጽፋችሁ ከረጢቱ ውስጥ ጨምሩት፤ በእርሳስ ይሁን፥ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይጠፋል።